እስከ ዛሬ «በለስ» ብዬ የበላሁት ምን ነበር?

የጥላ ሥር ሰው (ክሩን የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ክር የምከፍተው በቁጭት ነው።

ለዓመታት «በለስ አይጥመኝም» ስል ኖሬአለሁ። ሰው ሲያቀርብልኝ አንዷን ለይሉኝታ እጎርስና ሌላውን ወደ ጎን እገፋለሁ። የማውቀው በካርቶን ተደርድሮ የሚመጣውን ነው። ልጣጩ ውጥር ያለ፣ መልኩ የሚያምር፣ ውስጡ ግን ውሃ ውሃ የሚል። ትንሽ ጣፈጥ ይላል፣ ትንሽ ሣር ሣር ይላል፣ አለቀ።

ባለፈው ሰሞን አንድ ዘመዴ ዘንድ ሄድኩ። ግድግዳ ተደግፋ የቆመች የበለስ ዛፍ አለችው። ሙቀቱ አናት የሚበሳ ነበርና ጥላዋ ሥር ወንበር ይዘን ተቀመጥን። ወሬ መሀል እጁን ወደ ላይ ሰደድ አደረገና አንዲት መልከ ጥፉ ፍሬ ቀጠፈ። አንገቷ ታጥፎ ቁልቁል ተንጠልጥላ ነበር። ልጣጯ ሦስት አራት ቦታ ተሰነጣጥቋል። ከሥሯ ባለችው ቀዳዳ ላይ ማር የመሰለ ጠብታ ቆሟል። እኔ ብሆን «ይህቺስ ተበላሽታለች» ብዬ ለወፍ ነበር የምተዋት።

«ይህቺን ቅመስ» አለኝ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? የፀሐዩ ሙቀት ገና ውስጧ ነበር። ጥርስም አላስፈለጋት፤ ምላስና ላንቃ መሀል ተከፈተች። መጀመሪያ ማር ነው። ከማሩ ኋላ እንጆሪን የሚያስታውስ ነገር ይመጣል። ከዚያ እነዚያ ደቃቅ ፍሬዎች ጥርስ ሥር ቀጭ ቀጭ ይላሉ። ሁሉም ካለቀ በኋላ የቅጠሉ ሽታ አፍንጫ ውስጥ ይቀራል። አፌን ለወሬ የከፈትኩት ሦስተኛዋን ከዋጥኩ በኋላ ነው።

ታዲያ እስከ ዛሬ የበላሁት ምን ነበር? እናንተንስ እንዲህ ለዓመታት ያታለላችሁ የሙቀት ወራት ፍሬ አለ? ኮክ፣ ፕለም፣ ሐብሐብ፣ ምንም ይሁን፣ አውሩኝ።

---

ጓሮ ጠባቂ

ወንድሜ፣ የበላኸውስ በለስ ነው። ያልደረሰ በለስ።

ሙዝ ጥሬውን ተቆርጦ ቤት ውስጥ ይበስላል። በለስ እንደዚያ አይደለችም። ከዛፉ ከወረደች በኋላ ትለሰልስ ይሆናል እንጂ አትጣፍጥም። ስኳሩን የሚሠራው ቅጠሉ ነው፤ ወደ ፍሬዋ የሚወርደውም በዘንጓ በኩል ነው፣ ያውም አብዛኛው በመጨረሻዎቹ ቀናት። ለሳምንታት ምንም የማታድግ ትመስልሃለች። ከዚያ ድንገት ታብጣለች፣ ቀለሟ ይለወጣል፣ አንገቷ ይታጠፋል። ቀድመህ ከቆረጥካት ያን ሁሉ ማር መንገድ ላይ አስቀረኸው ማለት ነው።

ነጋዴ ደግሞ እስከዚያ ልጠብቅ ቢል ካርቶኑ ውስጥ ጭማቂ ይሆንበታል። የደረሰች በለስ ፍሪጅ ውስጥ እንኳ ከሁለት ሦስት ቀን አታልፍም። ስለዚህ ጠንከር እንዳለች ይለቅማታል። አልፈርድበትም።

ራስህ ስትለቅም ቀለሙን አትመን፤ ደርሰውም አረንጓዴ የሚሆኑ ዓይነቶች አሉ። አንገቷን እያት። ቀና ብላ ከቆመች ተዋት። ከተንጠለጠለች በመዳፍህ ደግፈህ ወደ ላይ ቀና አድርጋት። የደረሰች እንደሆነ በራሷ ትለቃለች። መጎተት ካስፈለገህ ጊዜዋ አልደረሰም። ከዘንጓ ነጭ ወተት ከፈሰሰ ደግሞ ቸኩለሃል።

---

ሚጣ 22

ይቅርታ፣ ግራ ገባኝ። የምታወሩት የቁልቋሉን በለስ ነው? እሾህ ያለውን?

---

የጥላ ሥር ሰው

አይ እህቴ፣ ባለ ሰፊ ቅጠሉን ዛፍ ነው። አዳምና ሔዋን ቅጠሉን ሰፍተው ያገለደሙትን።

---

ጓሮ ጠባቂ

ስማቸው ነው እንጂ አንድ የሆነው፣ ዝምድና የላቸውም። ባለ እሾሁ ቁልቋል ነው፤ ትውልዱም ከአሜሪካ አህጉር ነው። ይሄኛው የሾላና የዋርካ ዘመድ ነው።

---

ሚጣ 22

እኔኮ ዕፀ በለስ ሲባል «ሔዋን ያን ሁሉ እሾህ እንዴት ቻለችው?» እያልኩ ነው ያደግኩት።

---

አልበላም ባይ

ደስታችሁን ላበላሽ መሰለኝ። በለስ ውስጥ የሞተ ተርብ እንዳለ ታውቃላችሁ? ይህን ካነበብኩ ወዲህ አፌ አላስገባሁትም። ያ ቀጭ ቀጭ የሚላችሁ ምን መሰላችሁ?

---

መምህር በጡረታ

ልጄ፣ ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ወሬ።

ቀጭ ቀጭ የሚለው ተርብ አይደለም። በለስን ፍሬ ብለን እንጠራታለን እንጂ ነገሯ ወደ ውስጥ የተገለበጠ የአበባ ቤት ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ደቃቅ አበቦች ውስጧ ታጭቀው ያብባሉ። ከውጭ አንዲትም አትታይም። ዛፏ ሳታብብ የምታፈራ የምትመስለው ለዚህ ነው። ኋላ እያንዳንዷ አበባ አንዲት ደቃቅ ፍሬ ትሆናለች፤ ጥርስህ ሥር የምትሰማት እሷን ነው። ስለዚህ አንዲት በለስ በላህ ማለት አንድ እቅፍ አበባ በላህ ማለት ነው።

ተርቧም አለች። ሴቷ ተርብ በዚያች ከሥር ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ትገባለች። መግቢያው ከመጥበቡ የተነሳ ክንፏ ይቀነጠሳል። የአበባውን ዱቄት አድርሳ እዚያው ትሞታለች። ነገር ግን ተርብ የግድ የሚያስፈልጋቸው የተወሰኑ ዓይነቶች ናቸው። ዋናው የሰምርኔስ በለስ የሚባለው ነው፤ ስሙን ያገኘባት የቱርክ ከተማ ዛሬ ኢዝሚር ትባላለች። ሰው ጓሮው የሚተክለው አብዛኛው በለስ ግን ያለ ምንም ተርብ ያፈራል። ተርብ በገባባትም ቢሆን በለስ ፊሲን የሚባል ፕሮቲን የሚያፈርስ ኢንዛይም አላት። ሌላው ቀርቶ ወተቷ ወተት ያረጋል፤ ድሮ አይብ ይሠሩበት ነበር።

ስለ ተርቧ አንድ የምወደው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የሰምርኔስ በለስ ወደ ካሊፎርኒያ ተወስዶ ተተከለ። ዛፎቹ ደህና አደጉ። ፍሬው ግን ገና ሳይደርስ ይረግፋል። ለካስ ዛፉን ወስደው ተርቧን ትተዋት ነበር! እ.ኤ.አ. በ1899 ተርቧ እዚያ ከለመደች በኋላ ነው ነገሩ የተስተካከለው። አንተ የምትጸየፋትን ገበሬዎቹ ባሕር አሻግረው አስመጧት።

«ነገሩ ሾላ በድፍን ነው» የምንለውም ከዚሁ ዘር ነው። የዚህ ቤተሰብ ፍሬ ሳይከፈት ጉዱ አይታወቅም።

---

አልበላም ባይ

እቅፍ አበባ ካሉኝ እንግዲህ… እሺ ጋሼ፣ አስብበታለሁ። ግን ከፍቼ፣ አገላብጬ አይቼ ነው።

---

ደረቁ ይሻላል

በበኩሌ ግነቱ በዝቷል። የደረቀው ይበልጣል። ዓመቱን ሙሉ አለ። አንገቷ ታጠፈ አልታጠፈ ብሎ ጣጣ የለ፣ ከወፍ ጋር ሽሚያ የለ።

---

ማር ጠብታ

ወዳጄ፣ የደረቀውና ትኩሱ ሁለት የተለያዩ ምግቦች ናቸው። ወይንና ዘቢብ አንድ ነው የሚል ሰው አለ? ትኩሱ ከ100 ግራም 79 ግራም ያህሉ ውሃ ነው፤ ስኳሩ 16 ግራም ገደማ ነው። በደረቀው ስኳሩ በዚያው ክብደት ወደ 48 ግራም ይጠጋል። እኔም ከለውዝ ጋር እወደዋለሁ። ግን ደረቁን ለማጣጣም ታኝከዋለህ፣ ትኩሱን ትጠጣዋለህ። እናቴ ስኳር ስላለባት ትኩሱን ሁለት ትበላለች፣ ደረቁን ግን ከፊቷ እናነሳለን። ከአራት በኋላ መቁጠር ታቆማለችና።

---

ታሪክ ቆፋሪ

በለስ ቶሎ የምትበላሽ መሆኗ በጦርነት ክርክር ላይ ማስረጃ ሆና ቀርባለች ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደሚተርከው፣ የሮም ባላንጣ የነበረችው የሰሜን አፍሪካ ከተማ ካርቴጅ ትወጋ ባይ የነበረው ሴናተር፣ ሽማግሌው ካቶ፣ አንድ ቀን በለስ ይዞ ሴኔት ይገባል። መቼ የተቀጠፈች እንደሆነች ይጠይቃቸዋል። ሁሉም ትኩስነቷን ይመሰክራሉ። እሱ ታዲያ ይህቺ ፍሬ ከካርቴጅ ከተቀጠፈች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ ጠላታችን ከቅጥራችን ይህን ያህል ቅርብ ነው ብሎ አስደነገጣቸው። ካቶ ራሱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ149 ሞተ፣ ካርቴጅም በ146 ፈረሰች። ሌላ ፍሬ ቢይዝ አይሠራለትም ነበር። ፖም ይዞ ቢገባ ማን ይደነግጣል? ፖም ወር ቢቆይም አይገርምም።

---

ጓሮ ጠባቂ

ሦስት ቀን በመርከብ ተጉዛ ሳትፈርስ ከደረሰች ያቺ በለስ ጠንከር እንዳለች ነው የተቀጠፈችው። ሴናተሮቹ አዩዋት እንጂ አልቀመሷትም። ቢቀምሷት «ለዚህ ብለንማ አንዘምትም» ይሉ ነበር።

---

እስከ ክርን

የበለስ ሰዎች ትንሽ ቦታ ልቀቁልኝ፣ ስለ ኮክ ላውራ።

ኮክ በሳህን አይበላም። ኮክ በቢላዋ አይበላም። የደረሰ ኮክ የሚበላው ቆሞ፣ ወደ ፊት አጎንብሶ፣ እጅጌ ሰብስቦ ነው። የስሜ ነገር ከዚህ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ንክሻ አገጭ ላይ ይፈሳል፣ ሁለተኛው መዳፍ፣ ከሦስተኛው በኋላ ክርን ደርሷል። ሰው ቢያናግርህ መልስ አትሰጥም። የእቃ ማጠቢያው ላይ አጎንብሼ ስበላ ባለቤቴ ብዙ ጊዜ ይዛኛለች። መጀመሪያ ትስቃለች፣ ከዚያ አጠገቤ መጥታ ታጎነብሳለች።

አሁን ደግሞ ወደ ኃጢአቴ። አንድ ዓመት ላይ አንድ ሙሉ ሣጥን ኮክ ገዛሁ። ጠንካራ ነበር። ይቆይልኝ ብዬ በዚያው ቀን ሁሉንም ፍሪጅ ከተትኩት። ከሳምንት በኋላ አንዱን ነከስኩ፦ እርጥብ ጥጥ። ሌላውን ነከስኩ፦ ዱቄት። ጭማቂ የሚባል የለም፣ ሽታ የለም። የሸጠልኝን ሰውዬ ስረግም ከረምኩ። ለካ ጥፋቱ የራሴ ነው! ያልበሰለ ኮክ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ሲሰነብት ሥጋው ይበላሻል፤ ኋላ ብታወጣውም በወጉ አይበስልም። የቤት ፍሪጅ ደግሞ ልክ እዚያ መሀል ነው። ሰውዬውን ባገኘው ይቅርታ እጠይቀው ነበር።

ስለዚህ ኮክ ከበለስ ይለያል። በቂ ጊዜ ዛፍ ላይ ከቆየ ቤት ውስጥ ይለሰልሳል፣ ጭማቂውና ሽታው ይመጣል። ውጭ አስቀምጡት፣ ከቸኮላችሁ በወረቀት ከረጢት ከሙዝ ጋር። ሙዙ የሚያወጣው ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያፋጥነዋል። ከበሰለ በኋላ ብቻ ፍሪጅ አስገቡት፣ እሱም ለአንድ ሁለት ቀን። ከመብላታችሁ በፊት ደግሞ ሰዓት ያህል አውጡት፤ ብርድ ሽታውን ያፍነዋል፣ የኮክ ግማሹ ጣዕም ደግሞ ሽታ ነው።

ስትመርጡ በቀይ ጉንጩ አትሸወዱ። ቀዩ የፀሐይና የዘር ነገር ነው፣ ስለ መብሰሉ አይናገርም። ዘንጉ አካባቢ ያለውን መደብ እዩ፤ አረንጓዴ ከሆነ ተዉት፣ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ክሬም ከሄደ ያዙት። ከዚያ አሽትቱት። ዝም ያለ ኮክ አፍ ውስጥም ዝም ነው የሚለው።

ፀጉሩን የሚጠላ ደግሞ ኔክታሪን ይብላ። ሌላ ፍሬ አይደለም፣ ራሱ ኮክ ነው። ፀጉሩን ያሳጣው አንድ ጂን ብቻ ነው።

---

ሚጣ 22

ከረጢቱ ላስቲክ ቢሆንስ?

---

እስከ ክርን

አይሆንም። ላብ ይይዘውና ይሻግታል። ወረቀት።

---

ዓይን አፋሩ

ልጠይቅ። በለስ ስበላ ምላሴ ይለበለባል፣ ከንፈሬ ዳር ይሰነጠቃል። እኔ ብቻ ነኝ?

---

ጓሮ ጠባቂ

ብቻህን አይደለህም። ያ ነጭ ወተት ነው። መምህር የጠቀሱት ፊሲን እዚያ ውስጥ አለ፤ ወተት የሚያረጋ ነገር ለከንፈር አይራራም። ዘንጉን ቆርጠህ ጣል፣ ልጣጩን ላጥ፣ ከሁሉ በላይ በደንብ የደረሰችውን ብላ።

ዛፉን የምትገርዙ ሰዎች ደግሞ ረጅም እጅጌ ልበሱ። እኔ በጠራራ ፀሐይ ክንዴን አራቁቼ ገረዝኩ። የበለስ ወተት ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። በማግስቱ ክንዴ እሳት የነካው መሰለ፤ ጠባሳው ለወራት ቆየ።

---

መምህር በጡረታ

አንድ ነገር ልጨምር። የላስቲክ ጓንት ወይም ፊኛ የሚያሳክካችሁ ሰዎች በበለስም ልትቸገሩ ትችላላችሁ፤ ሁለቱ አንዳንዴ አብረው ይሄዳሉ። በደንብ የደረሰች በልታችሁም አፍ ወይም ጉሮሮ ካበጠ ሐኪም ሳታዩ አትድገሙ።

---

ሐብሐብ አንኳኳ

የሐብሐብ ወገን ጠፋ እንዴ? እኔ ሃያ ዓመት ሐብሐብ ሳንኳኳ ኖሬአለሁ። እውነቱን ልናገር? ምን እንደምሰማ አላውቅም። ሰው ሲያንኳኳ አይቼ ነው የጀመርኩት። ፊቴን ኮስተር አድርጌ ጆሮዬን እጥላለሁ፣ ከዚያ ትልቁን አነሳለሁ።

የሚሠራው ሆዱን ማየት ነው። መሬት ላይ የተኛበት ቦታ ወደ ቢጫ ከሄደ ቆይቶበታል። ነጭ ከሆነ ተቸኩሏል፤ ከተቆረጠ በኋላም አይጣፍጥም። ቼሪም እንደዚያው ነው፣ ከዛፉ ሲወርድ ያለው ጣዕም ያው ነው። ሐብሐብ ላይ ቆንጠር አድርጋችሁ ጨው ነስንሱ፣ ይበልጥ ይጣፍጣል። አምናለሁ የማይል ይሞክር።

---

ማር ጠብታ

ማንም ያላነሳውን ላንሳ፦ ማልበሪ። የሐር ትል ቅጠሉን የሚበላው ዛፍ። የበለስ የቅርብ ዘመድ ነው፣ አንድ ቤተሰብ ናቸው።

ይህ ፍሬ በካርቶን እንኳ አይሞክርም። ሲበስል በጣት ስትይዙት ይፈርሳል። ስለዚህ የሚበላው እዚያው ነው፣ ዛፍ ላይ ወይም ዛፍ ሥር። ልጅ ሳለሁ ጥቁሩ ማልበሪ ከሥሩ ያለውን መሬት ሁሉ ወይን ጠጅ አስመስሎት ነበር። «ዛፉ ጋ አልሄድኩም» ብዬ ስምል ጣቴ፣ ጥርሴ፣ ተረከዜ ሳይቀር ይመሰክርብኛል። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ የሄድኩበትን ቀን አልተርክም።

እና የጥላ ሥር ሰው ላነሳኸው ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው። ምርጡ በለስ፣ ምርጡ ኮክ፣ ምርጡ ማልበሪ መንገድ አይችልም። የሚደርሰን መንገድ የቻለው ነው።

---

ደረቁ ይሻላል

ደረቁ በለስ ግን መንገድ ይችላል። ብቻ እያልኩ ነው።

---

ፕለም በኪስ

ስለ ፕለም አንዲት ነገር። ልጣጩ ላይ ያለውን ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር አትጥሉት። አቧራ አይደለም፣ ፍሬው ራሱ የሚሠራው ሰም ነው፤ ውሃው እንዳይተንበት ይጠብቀዋል። በጣት ሲነካ ይጠፋል። ስለዚህ አሁንም ነጭ የለበሰ ፕለም ብዙ እጅ ያላገላበጠው ነው። እኔ የምመርጠው በዚያ ነው። ልጣጩ ኮምጠጥ፣ ውስጡ ጣፋጭ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲፈነዱ… ከኪሴ አይጠፋም። ኪሴም ይመሰክራል።

---

የጥላ ሥር ሰው

አስቃችሁኛል፣ አስተምራችሁኛልም። ዛሬ ጠዋት ተመልሼ ሄጄ ነበር፣ ልንገራችሁ።

ከትናንት ወዲያ ከፍ ያለች ቅርንጫፍ ላይ አንዲት አይቻለሁ። አንገቷ ጎንበስ ማለት ጀምሯል፣ አልተሰነጠቀችም። «አንድ ቀን ትቆይ» ብዬ ተውኳት። ጓሮ ጠባቂን ሰምቼ መሆኑ ነው። ዛሬ መሰላል ይዤ ስወጣ ግማሿ የለም። ወፉ ጎን ካለው ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል፣ ምንቃሩ ቀይ ነው። አንገት ማየት እሱም ያውቃል ማለት ነው፣ ከእኔ ይልቅ በማለዳ።

ከታች በኩል ግን ቅጠል የሸፈናቸው አራት አገኘሁ። በመዳፌ ደግፌ ቀና ሳደርጋቸው ለቀቁ። ሁለቱን እዚያው ቆሜ በላሁ። አንዷን ዘመዴ በላት። አንዷን በቢላዋ ለሁለት ከፍዬ፣ ለአልበላም ባይ ፎቶ አንስቼ ልኬአለሁ። ተርብ የለም፣ አበባ ብቻ።

---

ጓሮ ጠባቂ

ስስ መረብ አልብሰው፣ ከወፉ ትተርፋለህ። ሁሉንም ግን አትሸፍን። ጥቂት ተውለት፣ አለበለዚያ መረቡን ይቀድልሃል።

---

አልበላም ባይ

ፎቶውን አየሁት። ዛሬ ከጎረቤት ሁለት ለምኜ አመጣሁ፣ ሁለቱም አንገታቸው የታጠፈ። አንደኛዋን ከፈትኳት፣ መስኮት ጋ ወስጄ በብርሃን አየኋት፣ በሹካ አገላበጥኳት፣ ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ጎረስኳት።

ሁለተኛዋን አልከፈትኳትም። እንዳለች ነው የበላኋት።